እምቢ ማለት የማያውቅ ፈቃድ

 

ዛሬ የምናወራው ስለ ፈቃድ ነው። ገና ከርዕሱ አታዛጉ። አገራችን የፈቃድ አገር ናት። መንገድ ዳር ጀበና ጥዳ ቡና የምትሸጥ ልጅ ፈቃድ ትጠየቃለች። ባጃጅ የሚነዳ ፈቃድ ይጠየቃል። በገዛ ግቢው ውስጥ አንዲት ሰርቪስ ቤት ማቆም ያማረው አባወራ ከቀበሌ ማዘጋጃ ቤት ሲመላለስ የጫማው ሶል ያልቃል። ይሁን፤ ሥርዓት ነው። ግን አንድ ባለሀብት ዶዘሩን አስነስቶ ጮቄ ተራራ ላይ ቢወጣ፣ "እዚህ የሚኖረውን አውሬና እዚህ የሚበቅለውን ጅብራ ማንን አስፈቅደህ ነው የምትነካው?" ብሎ የሚያስቆመው ማን ነው? ከማስቆምም አልፎ "አይሆንም፣ ተመለስ" የሚለውስ?

የጋዜጠኝነት ትምህርት ብዙ ነገር ባያስተምረንም አንድ ነገር አስተምሮናል፤ "ተፈቅዷል" የሚል ወረቀት ሲያሳዩህ ሦስት ጥያቄ ጠይቅ። ማን ፈቀደ? መቼ ፈቀደ? መከልከልስ ይችል ነበር? ሦስተኛዋ ጥያቄ ናት ዛሬ የምታነታርከን። ምክንያቱም መከልከል የማይችል ሰው የሚሰጠው ወረቀት ፈቃድ አይባልም። ደረሰኝ ነው።

ቀበሮው የት ሄደ?

ጮቄን ላላያችሁ ባጭሩ እናስተዋውቃችሁ። ከደብረ ማርቆስ በስተሰሜን የተንጣለለ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ4 ሺህ ሜትር የሚያልፍ ተራራ ነው። ሲናን፣ ቢቡኝ፣ ማቻከል፣ ደባይ ጥላት ግን፣ ሁለት እጁ እነሴ ይጋሩታል። ጨሞጋ፣ ሙጋ፣ ሱሃ ከዚያ ተነስተው ወደ ዓባይ ይወርዳሉ። ታች ቀርከሃው፣ ከፍ ሲባል አስታው፣ አናቱ ላይ ጓሳውና ጅብራው። ይቺ ጅብራ ከኢትዮጵያ ተራሮች በቀር የትም አትበቅልም።

እዚያ አናት ላይ ቀይ ቀበሮ ነበረ። "ነበረ" ነው ያልነው። በዓለም ላይ የቀሩት ለአካለ መጠን የደረሱ ቀይ ቀበሮዎች 500 አይሞሉም። ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ዝርያው ከጮቄ ጨርሶ መጥፋቱን መዝግቧል። በአማራ ክልል የተረፈው በሰሜን ተራሮች፣ በአቡነ ዮሴፍ ዙሪያ፣ በቦረና ሳይንትና በመንዝ ጓሳ ነው። አንድ የጎጃም ልጅ የአገሩን ቀይ ቀበሮ ማየት ቢፈልግ ዛሬ ዓባይን መሻገር አለበት።

ማን ገደለው? ጠመንጃ ይዞ የቆመ አንድ ገዳይ የለም። እርሻው በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ ወደ ላይ ወጣ። ጓሳው ታጨደ፣ ታረሰ። ጓሳው ሲሄድ ቀበሮው የሚያድነው የምድር አይጥ አብሮ ሄደ። ሰው ወደ ላይ ሲወጣ ደግሞ ውሻውን ይዞ ይወጣል፤ ውሻውም በሽታውን። በባሌ ተራሮች እ.ኤ.አ. በ2003፣ በ2008 እና በ2014 የተነሳው የእብድ ውሻ በሽታ ስንቱን ቀበሮ እንደፈጀ የሚያውቅ ያውቀዋል።

ይህን ሁሉ የምናወራው የሞተ ለማልቀስ አይደለም። ግንባታም የሚገድለው በዚሁ ዘዴ ስለሆነ ነው። ሎጅ ቀበሮ አይበላም። ግን ሎጅ መንገድ ይጠራል። መንገድ የድንጋይ ካባ ይጠራል። ካባ ሠራተኛ ይጠራል፤ ሠራተኛ መንደር፣ መንደር ውሻ። በየደረጃው ያለውን ሰው ብትጠይቁት "እኔ ምን አደረግሁ?" ይላችኋል፤ እውነቱንም ነው። ስለዚህ ነው የመጀመሪያው ሰንሰለት ላይ ቆሞ መጨረሻውን የሚያይ ሰው የሚያስፈልገው። ያ ሰው ነው ፈቃድ ሰጪ የሚባለው።

ወረቀቱማ ያምራል

"አገሩ ሕግ የለውም" የሚል ካለ ተሳስቷል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299 እንዲህ አለ፦ ግምገማ የሚያስፈልገው ፕሮጀክት ከፌዴራሉ ወይም ከክልሉ የአካባቢ መሥሪያ ቤት ይሁንታ ሳያገኝ አይጀመርም። የኢንቨስትመንት ፈቃድ የሚሰጠውም አካል ይህን ሳያረጋግጥ ፈቃድ አይሰጥም። ሪፖርቱ ለሕዝብ ክፍት ይሆናል። ከአንድ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው የአሠራር መመሪያ ደግሞ ከዚያም አልፎ ሄደ፤ ብርቅና ለመጥፋት የተቃረቡ ዝርያዎች ባሉበት ቦታ የሚሠራ ሥራ መጠኑ ትንሽ ቢሆን እንኳ እንደ ትልቅ ፕሮጀክት ይታይ አለ። በ1999 የዱር እንስሳት አዋጅ ቁጥር 541 ወጣ፤ በ2000 የዱር እንስሳቱን ጉዳይ የሚይዝ ባለሥልጣን መሥሪያ ቤት ተቋቋመ። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 92 ሕዝብ በቀጥታ በሚነካው የአካባቢ ጉዳይ ላይ ሐሳቡን የመስጠት መብት አለው ይላል።

ታዲያ ቀዳዳው የት ነው? እኛ አራት ቆጥረናል።

አንደኛው ዳኛው ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ግምገማ የመመርመር ሥልጣኑን ለየሴክተሩ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶች በውክልና አስተላለፈ። የማዕድኑን ፕሮጀክት ማዕድን፣ የግድቡን ውኃ፣ የእርሻውን ግብርና እንዲመረምሩት ማለት ነው። በዓመቱ መጨረሻ "ይህን ያህል ባለሀብት አስገባሁ" ብሎ ሪፖርት የሚያቀርብ መሥሪያ ቤት ያንኑ ባለሀብት "አይሆንም" እንዲል መጠበቅ፣ የሙሽራውን አባት ሠርጉን እንዲሰርዝ እንደመላክ ነው።

ሁለተኛው ከፋዩ ነው። ጥናቱን የሚያሠራውና ለአጥኚው የሚከፍለው ራሱ አልሚው ነው። አሠራሩ በሌላም አገር አለ። ግን መርማሪው ጠንካራና ገለልተኛ ካልሆነ፣ አልሚው የከፈለበት ጥናት አልሚውን ቢያስደስት ምን ይገርማል?

ሦስተኛው ቅጣቱ ነው። አዋጁ ሲወጣ ያለ ፈቃድ ለጀመረ ወይም በሪፖርቱ ውሸት ለጻፈ ያስቀመጠው መቀጮ ከ50 ሺህ እስከ 100 ሺህ ብር ነበር። በ1995 ይህ ገንዘብ ነበር። ዛሬ በ100 ሺህ ብር ደህና ያገለገለ ባጃጅ እንኳ አይገኝም። ተራራ ለሚቆርስ ባለሀብት ይህ ቅጣት አይባልም፤ የሻይ ነው።

አራተኛው ቋንቋው ነው። ሪፖርቱ ለሕዝብ ክፍት ነው ተብሏል። የቱ ሕዝብ? ብዙውን ጊዜ በእንግሊዝኛ ተጽፎ፣ መቶ ምናምን ገጽ ሆኖ፣ ቢሮ መደርደሪያ ላይ የተቀመጠን ሰነድ የረቡዕ ገበያ ገበሬ መጥቶ ያንብበው? እንግሊዝኛ የምናውቀው እኛስ ስንቱን አንብበናል?

እነዚህ አራቱ ተደምረው የሚወልዱት አምስተኛ በሽታ አለ፤ እሱም ጊዜው ነው። መጀመሪያ መሬቱ ይሰጣል። ከዚያ የመሠረት ድንጋይ ይቀመጣል፣ ከበሮ ይመታል፣ ፎቶ ይነሳል። ከዚያ በኋላ "እስቲ ግምገማውን አምጡ" ይባላል። በዚያ ሰዓት "አይሆንም" የሚል ባለሙያ ማን ይፈጠርና! ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኼ ነው።

ዝሆንና ጉሎ

"ታጋንናላችሁ" ለሚሉን ከጎጃም ወጣ ብለን ወደ ሐረርጌ እንሂድ። የባቢሌ የዝሆኖች መጠለያ ስሙ እንደሚነግረን ለዝሆኖች የተከለለ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ፍሎራ ኢኮ ፓወር ለተባለ የጀርመን ኩባንያ ለባዮ ነዳጅ የሚሆን ጉሎ እንዲዘራበት መሬት ተሰጠው። ከተሰጠው መሬት ወደ መጠለያው ክልል የገባ ነበረበት። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ ሳይቀድም ምንጣሮው ቀደመ። ባለሙያዎች ጮኹ፤ የዱር እንስሳት ወዳጆች ጮኹ። ግን ዶዘሩ ከጩኸቱ ቀድሞ ነበር።

ልብ በሉ፤ ያኔ አዋጁ ከወጣ አምስተኛ ዓመቱ ነበር። መጠለያውም በካርታ ላይ ነበር። ኩባንያው በሌሊት ተደብቆ አልገባም፤ ወረቀት ይዞ ነው የገባው። የጉሎው ነዳጅ ሕልም የትም አልደረሰም። የተመነጠረው ግን ተመንጥሯል። ዝሆን የሚያህል እንስሳ፣ ያውም በስሙ በተከለለ መሬት ላይ፣ ለፈቃድ ሰጪው ካልታየው የጮቄ የምድር አይጥ እንዴት ትታየው?

ለገበሬው ሕግ፣ ለባለሀብቱ ሪባን

ሌላው ምሳሌ ከራሳችን ክልል ነው። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። በ1996 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገባ፤ ዋልያና ቀይ ቀበሮ እየተመናመኑ፣ ሰፈራው እየሰፋ፣ በፓርኩ መሃል የሚያልፈው መንገድም ሥጋት ሆኖ። ከመዝገቡ የወጣው በ2017 ነው፤ ሃያ አንድ ዓመት ፈጀ። ከዚያ በፊት ለመንገዱ ተለዋጭ ተፈለገለት። የግጭ መንደር ነዋሪዎችም አያት ቅድመ አያታቸው ከኖሩበት ተነስተው ወደ ደባርቅ ወረዱ።

ይህን ደጋግመን አስበነዋል። የግጭ ገበሬ ለዋልያ ሲባል ቤቱን ለቀቀ። ቤቱን! ከደሃ ገበሬ ይህን ያህል መጠየቅ የቻለ አገር፣ ሎጅ ወይም ካባ ሊከፍት ከመጣ ባለሀብት "ሌላ ቦታ ፈልግ" የምትል አንዲት ቃል መጠየቅ ለምን ያፍራል? ገበሬው ከብቱን ወደ ተከለለ ጓሳ ቢነዳ ጠባቂ ይደርስበታል። ባለሀብቱ መኪናውን ቢነዳ ሪባን ይቆረጥለታል። ፍትሕ ይሄ ከሆነ ጥበቃ የሚለው ቃል በገበሬው ጆሮ ስድብ ሆኖ ቢሰማው አንፈርድበትም።

ኩሬ ይቆፈራል፣ ጮቄ አይቆፈርም

ሌላው ዓለም እንዴት ነው? እንግሊዝ አገር ኒውት የምትባል እንሽላሊት መሳይ፣ ኩሬ ውስጥ የምትራባ ፍጥረት አለች። ቤት ሊሠራ የተነሳ ኮንትራክተር እሷን ወይም መኖሪያዋን የሚነካ ከሆነ ናቹራል ኢንግላንድ ከተባለው መሥሪያ ቤት ፈቃድ ማውጣት አለበት። ኩሬው በፓርክ ውስጥ ይሁን በግለሰብ ጓሮ ለውጥ የለውም። ሕጉ የሚከተለው አጥሩን ሳይሆን እንስሳዋን ነው። ፈቃዱ ሦስት ፈተና አለው። ሌላ አማራጭ የለም ወይ? ሥራው ለሕዝብ ይህን ያህል ያስፈልጋል ወይ? ሥራው ሲያልቅ ዝርያው በደህና ይቀጥላል ወይ? ከሦስቱ አንዱን የወደቀ ፈቃድ አያገኝም።

ገነት ነው አላልንም። እ.ኤ.አ. በ2020 የያኔው ጠቅላይ ሚኒስትር ቦሪስ ጆንሰን "ኒውት ቆጠራ ሥራ አጓተተብን" ብለው በአደባባይ አማርረዋል። አሁን አሁን ደግሞ አልሚው ገንዘብ ከፍሎ ሌላ ቦታ አዲስ ኩሬ እንዲቆፈርላት የሚያደርግ አሠራር ተስፋፍቷል። ለእኛ አደጋው እዚህ ጋ ነው። የፈረንጅን ነገር ስንቀዳ ቀላሉን መርጠን መቅዳት እንወዳለን። ነገ አንዱ ተነስቶ "እኛም እንዲሁ እናድርግ፤ ባለሀብቱ ይክፈል፣ በምትኩ ሌላ ቦታ ችግኝ ይተከል" ማለቱ አይቀርም።

አይሠራም! ለኒውት ኩሬ ይቆፈርላታል። 4 ሺህ ሜትር ከፍታ ግን አይቆፈርም። ጅብራና ጓሳ የሚበቅሉበት ብርድ በኮንትራት አይሠራም። የጮቄን አናት ያበላሸ ሰው ካሣውን ደጀን ወርዶ ባሕር ዛፍ ቢተክል፣ የሰው ዓይን አጥፍቶ መነጽር እንደመግዛት ነው። የሚተካ ነገር ላይ ካሣ ያስኬዳል። የማይተካ ነገር ላይ የሚያስኬደው እምቢታ ብቻ ነው።

"ሰው እየሞተ ስለ ቀበሮ?"

ይህ ጥያቄ እንደሚመጣ እናውቃለን፤ ከባዱም እሱ ነው። ከ2015 ማብቂያ ጀምሮ ጎጃም የጦርነትን ኑሮ አይቷል። መንገድ ሲዘጋ፣ ኔትወርክ ሲጠፋ፣ ተማሪ ከትምህርት ሲቀር አይተናል። በዚህ መሃል ስለ ዱር እንስሳት ፈቃድ መጻፍ ቅንጦት ይመስላል።

እኛ ግን እንዲህ እናስባለን። ጦርነት የዱር እንስሳውን አይምርም፤ ጠባቂ በሌለበት ዛፍም አውሬም ያልቃል። ከጦርነት በኋላ የሚመጣው ደግሞ ችኮላ ነው። "መልሶ ግንባታ" ይባላል፣ "የጠፋውን ጊዜ እናካክስ" ይባላል፣ መሬት በጥድፊያ ይታደላል። ያን ጊዜ "ቆይ፣ አስፈቅዷል?" የሚል ሰው የሰላም ጠላት፣ የልማት ጠላት ተብሎ ስም ይወጣለታል። ስለዚህ ጥያቄው መነሳት ያለበት ከችኮላው በፊት ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ የሥራ ነው። "የደብረ ማርቆስ ወጣት ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል፤ እናንተ ሎጅ አትሥሩ ትላላችሁ።" አላልንም! እ.ኤ.አ. በ2022 የጮቄ ተራሮች ኢኮ መንደር በዓለም የቱሪዝም ድርጅት ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች መካከል ተመርጧል። ከዚያ በኋላ ወንጪ በገበታ ለሀገር ሎጅ ተሠርቶበታል። የጮቄም ተራ ይደርስ ይሆናል፤ ይድረስ። ግን ቱሪስቱ የሚመጣው ምን ለማየት ነው? ብሎኬት በአገሩ ሞልቶለታል። ጅብራው ላይ የተሠራ ሎጅ የራሱን ገበያ ነው የሚያርሰው። ሎጁ ትንሽ ዝቅ ብሎ መንደሩ ዳር ቢሠራ ወጣቱም ሥራ ያገኛል፣ አናቱም ይተርፋል። "ይህን ዝቅ አድርገህ ሥራው" የሚል ፈቃድ ሰጪ ነው የጎደለን።

"ግምገማ ልማት ያጓትታል" የሚለውን ደግሞ ተዉት። አዋጁ መርማሪው ውሳኔውን በ15 የሥራ ቀን ውስጥ እንዲሰጥ ነው ያዘዘው። ባለሀብትን ዓመታት ያጉላላው የቀበሮ ፈቃድ ከሆነ አንድ ሰው ስሙን ይንገረን።

እምቢታ አገራችን ነው

ለዚህ ነገር ለንደን ድረስ መሄድም አያስፈልግም። በጎጃም ሜዳ ስትሄዱ ከተጨፈጨፈው አገር መሃል ደሴት የመሰለ ደን ታያላችሁ። ቀረብ ስትሉ ቤተ ክርስቲያን ነው። ደኑ የተረፈው አፈሩ የተለየ ስለሆነ አይደለም። "ከዚህ አይቆረጥም" የሚል አባት ስላለ፣ ያም ቃል በገንዘብ ስለማይገለበጥ ነው። መንዝ ጓሳም ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ሕዝቡ የመረጣቸው አለቆች ሣሩን ለዓመታት ይዘጉት ነበር፤ ሲደርስ ይከፍቱታል። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ያንን ሥርዓት ቢያፈርሰውም ማኅበረሰቡ በሌላ መልክ መልሶ አቆመው። ውጤቱ? መንዝ ጓሳ ላይ ዛሬም ቀይ ቀበሮ አለ። ጮቄ ላይ የለም።

እንግዲህ የምንጠይቀው ይህን ነው። ከጮቄ የላይኛው ክፍል አንድ ካሬ ሜትር ለባለሀብት ከመሰጠቱ በፊት የዱር እንስሳና የዕፅዋት ፈቃድ ይቅደም። ፈቃዱን የሚመረምረው አካል ከኢንቨስትመንት ሪፖርት ጥቅም የሌለው ይሁን፤ የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ምሁራንና የየቀበሌው ሽማግሌዎች ወንበር ይኑራቸው። ጥናቱ በአማርኛ፣ በአጭሩ፣ በየቀበሌው ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። ቅጣቱም በፕሮጀክቱ ዋጋ ልክ ይሁን እንጂ በባጃጅ ዋጋ አይሁን። ከሁሉም በላይ በየዓመቱ ስንት ማመልከቻ ቀረበ፣ ስንቱ ተፈቀደ፣ ስንቱ ተከለከለ የሚል ቁጥር ይውጣ።

እኛ መጀመሪያ የምናየው ያቺን የመጨረሻዋን ቁጥር ነው። "የተከለከለ፦ ዜሮ" የሚል ካነበብን፣ ጮቄን የሚጠብቀው ማኅተም እንጂ ሰው እንዳልሆነ ያን ቀን እናውቃለን።